ስለ መጨረሻ ቀናት ህክምና ከቤተሰብና ከሐኪም ጋር መነጋገር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ ለ14 ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። እናቴንም አባቴንም አስታምሜ ቀብሬያለሁ። እናቴን ምን እንደምትፈልግ አልጠየቅኳትም። አባቴን ጠይቄያቸዋለሁ። ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ በሁለቱ መካከል ያየሁት ልዩነት ነው። ጥያቄዎቹ አስታማሚዎች በኮሪደር፣ በግቢው ዛፍ ጥላ ሥር፣ አንዳንዴም ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ የጠየቁኝ ናቸው። በራሳቸው አነጋገር ትቼዋለሁ።

ሰውየው ገና እየተራመደ ስለ ሞት ማውራት ሟርት አይሆንም?

ይህን የማይጠይቅ ቤተሰብ አላጋጠመኝም። እኛ ጋ ስለ ሞት ያወራ ሰው ሞትን የጠራ ይመስለናል። በሽተኛው ራሱ "እኔ እንግዲህ..." ብሎ ሲጀምር "ኧረ ጠላትዎ ይሙት!" ብለን እናቋርጠዋለን። የምናደርገው ከፍቅር ነው። ግን አፉን ዘጋነው። ሁለተኛ ላይሞክር ይችላል።

እስቲ አስቡት። እድር የምንገባው ጤነኛ ሆነን ነው። በየወሩ እንከፍላለን። እድር ስለገባ የሞተ ሰው አላየንም። የንስሐ አባት የምንይዘውም አልጋ ላይ ከወደቅን በኋላ አይደለም። ስለ ቀብራችን በየወሩ የምናዋጣ ሰዎች ነን። ከቀብሩ በፊት ስላሉት ሳምንታት አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ማውራት ለምን ይከብደናል?

ወሬው ደግሞ በአብዛኛው ስለ ኑሮ ነው። ሰውየው በቀረው ጊዜ ህመሙ እንዲታገስለት ይፈልጋል? ቤቱ መሆን ይፈልጋል? ማንን ማየት ይፈልጋል? ይህን ለመጠየቅ ጥሩው ጊዜ ተቀምጦ ቡና እየጠጣ ሳለ ነው። ኦክስጅን ከተሰካለት በኋላ ሁሉም ነገር በጥድፊያ ይሆናል።

ሐኪሙ ካንሰር መሆኑን ለእናታችን እንዳይነግራት ለምነነዋል። ልክ ነን?

ልባችሁን አውቀዋለሁ። ግን ልክ ናችሁ ልላችሁ አልችልም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከደንቢያ የመጡ እናት ነበሩ። ልጆቻቸው "ጨጓራ ነው" ብለዋቸዋል። አንድ ሌሊት ልጆቹ ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ እጄን ያዝ አደረጉና "ልጄ፣ በሽታዬን አውቀዋለሁ። እነሱ እንዳይጨነቁ ብዬ ነው እንዳላወቀ የሆንኩት። እንዳትነግሪያቸው" አሉኝ። ከደቂቃዎች በኋላ ልጃቸው ኮሪደር ላይ ጠብቃ "ሲስተር፣ እማዬ እንዳታውቅ አደራ" አለችኝ። መሃል ላይ ቆሜ ማልቀስ አማረኝ። እናትና ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው እየተደባበቁ ነበር። እኚህ እናት ከእህታቸው ጋር ተኳርፈው ነበር። መታረቅ ይፈልጉ ነበር። ግን "እህቴን ጥሩልኝ" ማለት አልቻሉም። ካሉ እንዳወቁ ይታወቅባቸዋል።

በሽተኛ ያውቃል። ሰውነቱ ይነግረዋል። ዘመድ ሁሉ ድንገት ከአርማጭሆና ከመተማ መምጣት ሲጀምር ያውቃል። ዓይናችሁ ቀልቶ "ደህና ነሽ፣ ይሻልሻል" ስትሏት ታውቃለች።

ይህ ማለት ሄዳችሁ በደረቁ ንገሯት ማለት አይደለም። እኛ መርዶን እንኳ በሥርዓት የምናረዳ ሰዎች ነን። ሌሊቱን እንዲተኛ እንተወዋለን። የሚወደው ሰው አጠገቡ እንዲሆን እናደርጋለን። በማለዳ፣ ሽማግሌ ባለበት እንነግረዋለን። ያንኑ ጥንቃቄ በሕይወት ላለ ሰው ማድረግ እንችላለን። መጀመሪያ ምን ያህል መስማት እንደምትፈልግ ጠይቋት። "እማዬ፣ ሐኪሙ የሚለውን አንቺው ራስሽ ትሰሚዋለሽ ወይስ ለእኔ ይንገረኝ?" በሏት። "ራሴ እሰማዋለሁ" ካለች በእርጋታ፣ በትንሽ በትንሹ ይነገራት። "ለአንቺ ይንገርሽ፣ እኔ አልፈልግም" ካለችም የራሷ ምርጫ ነው፤ አክብሩት። የማይሆነው ሳትጠየቅ በስሟ መወሰን ነው።

እሺ፣ ግን በምን አፍ ልጀምር?

የእኔ ምክር ከቀብር መልስ ነው። ሰው ከቀብር ሲመለስ ልቡ ክፍት ነው።

አባቴን የጠየቅኋቸው ጎረቤታችንን ቀብረን በተመለስንበት ቀን ነው። ጎረቤታችን በመተንፈሻ ማሽን ሦስት ሳምንት ተኝተው ነበር ያረፉት። እግራችንን ታጥበን ገባን። ቡና ቀድቼ ሰጠኋቸውና "አባባ፣ አንቱ ቢሆኑ እንደሳቸው እንዲደረግልዎ ይፈልጉ ነበር?" አልኳቸው። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስኒውን ረከቦቱ ላይ አስቀመጡ። "እናትሽ ከሞተች ጀምሮ የትኛችሁ ትጠይቁኝ ይሆን ብዬ ስጠብቅ ነበር" አሉኝ።

ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩ። ትንፋሽ ካጠራቸው ኦክስጅኑን እንደሚፈልጉ፣ ጉሮሯቸው ውስጥ ቱቦ እንዲገባ ግን እንደማይፈልጉ ነገሩኝ። የንስሐ አባታቸው ሳይመጡ እንዳንሸኛቸው አደራ አሉ። ለተዝካር ላሟ እንዳትሸጥ አሉ። የመጨረሻውን ሦስት ጊዜ ደገሙት።

ቀብር መጠበቅ ለማይፈልግ ሌላም መንገድ አለ። "ሐኪሙ ከጠየቀኝ ምን እንደምመልስለት እንዳላጣ ንገሩኝ" ማለት ይቻላል። ወይም ከራስ መጀመር፦ "እኔ ብታመም እንዲህ ብታደርጉልኝ ደስ ይለኛል፤ አንቱስ?" እንግዳ ባለበት አትጀምሩት። "አሁን ተይው" ካሉ ተዉት። ሌላ ቀን አለ። አንዳንድ አባት ለልጁ የማይነግረውን ለልጅ ልጁ ወይም ለወዳጁ ይነግራል። በዚያም በኩል ይሞከር።

ምን ምን ልጠይቅ?

ሁሉንም በአንድ ቀን አትጠይቁ። እኔ ከሁሉ የማስቀድመው "ከሁሉ በላይ የሚያስፈራዎ ምንድነው?" የሚለውን ነው። መልሱ ያስገርማችኋል። ሞት ነው የሚል ጥቂት ነው። "ስቃዩ"፣ "ልጆቼ ላይ ሸክም መሆኑ"፣ "ራሴን ስቼ ነውሬ መታየቱ" ይላሉ። ይህን ካወቃችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

ቀጥሎ የት መሆን እንደሚፈልጉ፣ ምን እንዲደረግላቸው እንደማይፈልጉ፣ መናገር ቢያቅታቸው ማን በእሳቸው ፈንታ እንዲናገር እንደሚፈልጉ ጠይቁ። የመጨረሻው ትልቅ ነገር ነው። የሚመረጠው ሰው የግድ የበኩር ልጅ ወይም የተማረው ልጅ መሆን የለበትም። ሌላው ሲያለቅስ ረጋ ብሎ የታዘዘውን የሚያደርግ ሰው ይሻላል።

ስለ ገንዘብም ጠይቁ፤ አትፈሩት። በሬ ተሽጦ፣ መሬት ተከራይቶ፣ እህል አልቆ፣ በሽተኛው ግን ያንን ጨርሶ የማይፈልግበት ቤት አይቻለሁ። "ለልጆቼ ትቅርላቸው" ማለት የሚፈልግ አባት እድሉን ያግኝ። የተባለውን በደብተር ጻፉት። ቀኑን አስቀምጡ። ሐሳባቸው ከተለወጠ ደግሞ ይጻፋል። ሰው ሲታመም ሐሳቡ ይለወጣል፣ ምንም ክፋት የለውም።

ሐኪሙን መቼና እንዴት ላነጋግረው?

በጠዋት ራውንድ ላይ፣ ሐኪሞች በሽተኞችን እየዞሩ በሚያዩበት ሰዓት፣ አይሆንም። ብዙ ሐኪም፣ ብዙ ተማሪ፣ ብዙ በሽተኛ አለ። ጎንደር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ የሚሠለጥንባት ከተማ ናት። ለትምህርት የሚዞረው ሰው ብዛት ቤተሰብን እንደሚያስጨንቅ አውቃለሁ። ራውንዱ ሲያልቅ የክፍሉን ነርስ "ከዶክተሩ ጋር ለብቻ ሩብ ሰዓት ፈልገን ነበር" በሏት። ከቤተሰብ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይግባ። ሁሌም ያው ሰው ይሁን። በየቀኑ አዲስ ዘመድ መጥቶ አዲስ ጥያቄ ሲጠይቅ ሐኪሙም ይሰለቻል፣ መልሱም ይዘበራረቃል።

"ስንት ቀን ቀረው?" ብትሉት ሐኪሙ ይሸሻል፤ በትክክል የሚያውቅ ስለሌለ። "የቀናት፣ የሳምንታት ወይስ የወራት ጉዳይ ነው?" በሉት። ይህን አብዛኛው ሐኪም ይመልሳል። "ይህ ህክምና ያድነዋል ወይስ ጊዜ ያራዝምለታል?" ብላችሁ ጠይቁ። "ባናደርገውስ?" በሉ። እኔ በጣም የምወደው ጥያቄ ግን "ዶክተር፣ የእርስዎ አባት ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?" የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ወንበር ስቦ ይቀመጣል።

ያልገባችሁን አልገባኝም በሉ። "እሺ ዶክተር" ብሎ ወጥቶ ኮሪደር ላይ እኔን "ምን አለ?" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። የተስማማችሁበትን ደግሞ ካርዱ ላይ እንዲጽፈው ጠይቁ። ሐኪም በተራ ይቀያየራል። ሌሊት የሚመጣው ተረኛ ስለ ጠዋቱ ወሬ የሚያውቀው ከተጻፈ ብቻ ነው።

ማሽን ላይ ይግቡ ወይስ አይግቡ ሲሉን ምን እንመልስ?

መጀመሪያ በሽታው ምን እንደሆነ ጠይቁ። ከባድ የሳንባ ምች፣ ወባ፣ የመኪና አደጋ ወይም መመረዝ ሊድን ይችላል። መድኃኒቱ እስኪሠራ መተንፈሻ ማሽኑ ጊዜ ይገዛል። ያኔ ይግቡ። ነገር ግን ካንሰሩ ጉበትና ሳንባ ውስጥ ተሰራጭቶ፣ ህክምናው ሁሉ ተሞክሮ ካለቀ፣ ማሽኑ የሚጠብቀው ነገር የለም።

ልብ ማሸትም እንደዚሁ ነው። ፊልም ላይ ሰው ነቅቶ ሲቀመጥ እናያለን። እውነቱ ግን በበለጸጉ አገሮች ሆስፒታሎች እንኳ ልባቸው ቆሞ ከታሸላቸው 5 ሰዎች 4ቱ ያህሉ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። በሽታው ሰውነቱን በጨረሰ ሰው ላይ ደግሞ ተስፋው ከዚህም በጣም ያነሰ ነው። የጎድን አጥንት ይሰበራል። ይህን የምለው ላስፈራራችሁ አይደለም። እምቢ ማለት አባትን መግደል ይመስላቸውና በጸጸት የሚኖሩ ልጆች አውቃለሁ። የገደለው በሽታው ነው።

ማሽኑ ያለበት ጽኑ ህሙማን ክፍል ውስጥ እንደልብ አይገባም። ቤተሰብ ደጅ ሆኖ ይጠብቃል። ይህን ከመወሰናችሁ በፊት እወቁት። መወሰን ከከበዳችሁ "ለ3 ቀን እንሞክረውና ለውጥ ከሌለ እንደገና እንነጋገር" ማለት ይቻላል። ሐኪሞችም ይህን ይረዳሉ።

"ፓሊየቲቭ ኬር" ሲሉን ተስፋ ቆርጠዋል ማለት ነው?

አይደለም። ህመምን፣ ማቅለሽለሽን፣ የትንፋሽ ማጠርን፣ ጭንቀትን ማከም ነው። የቤተሰቡንም ድካም ያያል፣ ለበሽተኛው መንፈሳዊ ፍላጎትም ቦታ ይሰጣል። ከሌላው ህክምና ጎን ለጎን መጀመር ይችላል፤ እንዲያውም ቶሎ ሲጀመር ይሻላል። የጤና ሚኒስቴር በፈረንጆቹ 2016 ብሔራዊ መመሪያ አውጥቶለታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ይህ ህክምና ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሚያገኙት 14 ከመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ስለዚህ እስኪነግሯችሁ አትጠብቁ፤ ራሳችሁ ጠይቁ።

"ከእንግዲህ የምናደርገው የለም፣ ቤት ውሰዱት" ከተባላችሁ "ለህመሙስ ምን ይታዘዝለት?" በሉ። ለህመም ሁልጊዜ የሚደረግ ነገር አለ።

ሞርፊን ይገድላል ይባላል። ሱስ ያስይዛል ይባላል።

ሁለቱንም ፍርሃት በየቀኑ እሰማለሁ። በሐኪም መጠን ተለክቶ፣ ከትንሽ ተጀምሮ ቀስ እያለ የሚጨመር ሞርፊን ሞትን አያፋጥንም። ለካንሰር ህመም በትክክል ለሚወስድ ሰውም ሱስ የሚያሳስብ ነገር አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት ማንቀላፋትና ማቅለሽለሽ ሊኖር ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ያልፋል። የማያልፈው የሆድ ድርቀት ነው። ስለዚህ ሞርፊን ሲታዘዝ የሆድ ማለስለሻም አብሮ እንዲታዘዝ ጠይቁ። ይህን የሚረሳ ሐኪም ብዙ ነው።

የሚጠጣው ሞርፊን በአብዛኛው በየ4 ሰዓቱ ይሰጣል። ህመሙ እስኪመለስ አትጠብቁ፤ በሰዓቱ ስጡ። የሚታዘዘው ለየት ባለ ማዘዣ ነው፤ ሁሉም መድኃኒት ቤት አይገኝም። ከሆስፒታል ሳትወጡ የት እንደምታገኙትና ሲያልቅ ማን እንደሚያዝላችሁ አረጋግጡ። ቤት ስታስቀምጡት ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ይሁን። በራሳችሁ መጠን አትጨምሩ፣ ለሌላ ሰውም አትስጡ።

መብላት እምቢ ብሏል። ዝም ብለን በረሃብ እንገድለው?

አንጀታችን የሚላወሰው እዚህ ላይ ነው። እኛ ፍቅራችንን በጉርሻ የምንገልጽ ሕዝብ ነን። ጠያቂ ሁሉ አጥሚት፣ እርጎ፣ የዶሮ ሾርባ ይዞ ይመጣል። "አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሞቴ" ይላል። በሽተኛው ላለማስቀየም አፉን ይከፍታል።

በመጨረሻዎቹ ቀናትና ሳምንታት ሰውነት ምግብን መጠቀም ያቆማል። ረሃቡም አብሮ ይጠፋል። አልበላም ያለው በሽታው እየጨረሰው ስለሆነ ነው። መዋጥ የተሳነው ሰው አፍ ውስጥ የፈሰሰ ሾርባ ወደ ሳንባ ይገባል። ያንቀዋል፣ ምች ያስይዘዋል። ግሉኮስ ይሰካለት የሚለውም እንደዚሁ ነው። በመጨረሻው ሰዓት የሚገባ ብዙ ፈሳሽ እግርን ያሳብጣል፣ ደረት ላይ ይጠራቀማል፣ ትንፋሹን ያከብደዋል።

ታዲያ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ? አይደለም። ንጹህ ጨርቅ ወይም ጥጥ በውሃ አርሳችሁ ከንፈሩንና ምላሱን አርጥቡለት። በየሰዓቱ አድርጉት። ነቅቶ ከጠየቀ ቀና አድርጋችሁ በማንኪያ ጫፍ የፈለገውን እንዲቀምስ ስጡት። አንድ አባት የጠየቁት ጠላ ነበር። ሁለት ማንኪያ ጠጥተው ፈገግ አሉ።

ጾም ላይ ሆነው ወተት ወይም መድኃኒት አልወስድም የሚሉ አሉ። አትጣሏቸው። የንስሐ አባታቸውን ጥሩ። ካህኑ "ለበሽተኛ ተፈቅዷል" ሲሉ የሚወስዱትን ሐኪም ቢለምን አይወስዱም።

ፀበል ልውሰዳት ወይስ ሆስፒታል ትቆይ?

ለምን አንዱን ብቻ? የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ፀበል አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረው ነበር። ለሌላውም በሽታ እንደዚያው አስቡት። መድኃኒቱን፣ በተለይ የህመም ማስታገሻውን፣ አታቋርጡባት። ቀዝቃዛ ውሃና ረጅም መንገድ ከማትችልበት ደረጃ ከደረሰች ፀበሉ ወደሷ ይምጣ። መዋጥ ካቃታት ግንባሯን መቀባት ይበቃል።

የንስሐ አባቷን ዘግይታችሁ አትጥሩ። እኛ ጋ ካህን የሚጠራው ሰው ሲያጣጥር ነው። ያኔ መናገር አይቻልም። ንስሐ፣ ቀንዲል፣ ቁርባን የምትፈልግ ከሆነ አቅም ሳላት ይሁን። እዚሁ ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ያሉ ሙስሊም ቤተሰቦችም ሼሃቸውን ቀደም ብለው ያማክሩ። ሸሃዳዋን እያስታወሳት አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው ማን እንደሚሆን፣ አልጋዋ ወደ ቂብላ እንዲዞርላት ለነርሷ ይነገር። ብትጠይቁን እናደርገዋለን።

ቤቱ መሞት ይፈልጋል። መውሰድ እንችላለን?

ይቻላል። ለብዙ ሰው የተሻለውም ይህ ነው። ከላይ አርማጭሆ፣ ከወገራ፣ ከጭልጋ የመጣ ሰው ደጁን፣ ከብቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ማየት ይፈልጋል። ሌላም እውነት አለ። ሰው በሕይወት ሳለ ማጓጓዝና አስከሬን ማጓጓዝ በወጪ አይገናኙም። ቤተሰቡ ይህን ያውቃል፣ ግን አፍ አውጥቶ ለመናገር ያፍራል። አታፍሩ። ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩት።

የምፈራው ሳይዘጋጁ መሄድን ነው። ፈርሞ ማውጣት ብቻውን አይበቃም። ህመሙ መጀመሪያ ይስተካከል። የመድኃኒቱ ብዛት ለስንት ቀን እንደሚበቃ ቁጠሩ። ሌሊት ቢብስበት የምትደውሉበትን ስልክ ያዙ። በየ2 ሰዓቱ እንዴት እንደሚገላበጥ፣ ጀርባው እንዳይቆስል እንዴት እንደሚታጠብ ነርሷ በእጃችሁ ታሠልጥናችሁ። የቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቤት ለቤት ስለምትዞር ንገሯት።

እናቴን እኛ ይህን አላደረግንላትም። ከአንድ ሆስፒታል ወደ ሌላ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ ወሰድናት። "ወደ ቤቴ" እያለች ነበር። ነርስ ሆኜ ሳለሁ "ቆይ እማዬ፣ ትድኛለሽ" እላት ነበር። በማታውቀው ከተማ፣ የሰው አልጋ ላይ አረፈች።

ወንድማችን ከውጭ አገር መጥቶ "ሁሉም ነገር ይደረግ" አለ። ምን እናድርግ?

ሩቅ የነበረ ልጅ ጸጸት ይዞ ይመጣል። ያልነበረበትን ዓመት በሦስት ቀን ሊክስ ይፈልጋል። አትቆጡት። መጀመሪያ ብቻውን ከአባቱ አጠገብ ይቀመጥ፣ ያጥባቸው፣ ያገላብጣቸው። ከዚያ ሐኪሙ በቀጥታ ያነጋግረው። የጻፋችሁትን ደብተር ያኔ አውጡት። "እኛ ይህን እንፈልጋለን" ከማለት "አባባ በጥቅምት ወር እንዲህ ብለውናል" ማለት ጠብ ያበርዳል። ገና ካልመጣ፣ በስልክ በቪዲዮ አሁኑኑ ይግባበት። ካልበረደ ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባት መሃል ይግቡ።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 20 ሰው በማንኛውም ጊዜ ምርመራ ወይም ህክምና አልፈልግም ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ስለዚህ "ቱቦ አይግባብኝ" ያለ ሰው መብቱን ነው የተናገረው። ሞት እንዲፋጠን መርፌ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። ወንጀል ነው። ሰው ራሱን እንዲያጠፋ መርዳትም በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያስቀጣል።

የህክምና ፍላጎትን መናገርና ኑዛዜ መለያየት አለባቸው። ኑዛዜ በዋናነት ስለ ንብረት ነው፤ የራሱ ሥርዓት አለው። አንዱ ዓይነት በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ የሚፈረም ነው። ሌላው ሰውየው ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ የሚጽፈው ነው። አልጋ ላይ በቃል ለ2 ምስክር የሚነገረው የሚያገለግለው ለጥቂት ነገር ነው፦ ለቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ሞግዚትነትና ከ500 ብር ላልበለጠ ስጦታ። "ቤቱን ለእኔ ነው በቃሉ የሰጠኝ" እየተባለ ስንት ወንድማማች ተካሷል። ንብረት ካለ ጊዜ ሳለ ጠበቃ ይታይ።

ለትናንሽ ልጆችስ እንንገራቸው?

ንገሯቸው። በአጭሩ፣ በእውነት። "አያትሽ በጣም ታመዋል፣ ላይድኑ ይችላሉ" ይበቃል። "መንገድ ሄዱ" አትበሉ፤ ልጅ በር በሩን ሲያይ ይከርማል።

ሰዓቱ ሲቀርብ ምን እናያለን?

ብዙ ይተኛል። እጅና እግሩ ይቀዘቅዛል። ትንፋሹ ይቆማል፣ እንደገና ይመለሳል። ጉሮሮው ውስጥ የሚያንኮራፋ ድምፅ ይሰማል። ይህ ድምፅ ቤተሰብን ያስደነግጣል፤ በሽተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሰቃይበትም። በጎኑ አስተኙት፣ ይቀንሳል። አንዳንዱ ከሞቱ ሰዎች ጋር ያወራል። አትከራከሩት። ክፍሉን ጸጥ አድርጉ። እሪታው ከሄዱ በኋላ ይደርሳል።

ሳናወራ መናገር ተሳነው። አበቃ?

አላበቃም። ተሰብሰቡና "አባባ አሁን መናገር ቢችል ምን ይል ነበር?" ብላችሁ ተጠያየቁ። እናንተ የምትፈልጉትን ለጊዜው ተዉት። ጎረቤት ሲሞት ምን አለ? ወንድሙ ሆስፒታል ሲተኛ ምን ብሎ ተናደደ? ሰው ስለ ራሱ ባያወራ ስለ ሌላው አውርቶ ያውቃል። የምታስታውሱትን ለሐኪሙ ንገሩት። ውሳኔው በዚያ ላይ ይቁም።

እሱንም አውሩት። መስማት ከሌሎቹ ስሜቶች ዘግይቶ ሊቆይ ይችላል። ስማችሁን ንገሩት። ይቅርታ የምትጠይቁት ካለ ጠይቁት፣ አመስግኑት።

እናቴ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት ዓይኗን አልገለጠችም። አጠገቧ ቁጭ ብዬ የቤቷን ነገር አወራኋት። ቡሬዋ ላም ወለደች፣ ጥጃዋ ሴት ናት አልኳት። የጓሮው ጌሾ ለምልሟል፣ ጎረቤታችን እትዬ ቁልፉን ይዘዋል፣ ዶሮዎቹን እየመገቡ ነው አልኳት። እጄ ውስጥ ያለው ጣቷ ትንሽ ጠበቅ አለ።